አባታችሁ «ልዝመት» ቢሉ



በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ፣ የ48 ዓመቱ አትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ለመዝመት ዝግጁ መሆኑን ተናግሮ ነበር። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጺማቸው የሸበተ አባታችሁ «ተጠባባቂ ጦር ልግባ» ቢሉ ምን ትሏቸዋላችሁ?

አንድ ሰው ለመዝመት ፈቃድ ሲጠይቅ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወላጆቹ በሕይወት መኖራቸውን ጠየቁት። «አዎ» ሲል፣ ትግሉ እነሱን መንከባከብ እንዲሆን ነገሩት። አንካሳው አዛውንት ዐምር ኢብኑል ጀሙሕ (ረ.ዐ) ግን ልጆቻቸው ቢከለክሏቸውም፣ ግዴታ እንደሌለባቸው ተነግሯቸው፣ ወደ ኡሑድ እንዲወጡ ተፈቀደላቸው።

ልዩነቱ ዕድሜ አይመስለኝም። የመጀመሪያው የሚጦራቸው ወላጆች ነበሩት፤ የዐምር ልጆች ግን ራሳቸው ለዘመቻ የደረሱ ነበሩ።

ስለዚህ «አርጅተዋል» አትበሏቸው። ይልቅ በአደብ ጠይቁ፦ በእርስዎ እጅ የሚያድረው ማን ነው? ያልተከፈለ ዕዳ አለ? ኒያዎ ሰፈርን መጠበቅ ነው ወይስ ቂም መወጣት? ኡሑድ ሌላ፣ ወንድም ከወንድሙ የሚታኮስበት ጦርነት ሌላ ነው። በቂያማ ቀን በሰዎች መካከል መጀመሪያ የሚፈረደው በደም ጉዳይ ነው።

አላህ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። ጁሙዓ ሙባረክ!