ካልጠየቀኝ ልንገረው?

ሸዋሮቢት ያለ አንድ ወዳጄ ባለፈው ሰሞን ደውሎ ምክር ጠየቀኝ። አንዲት ትንሽዬ ትራክተር አለችው። ቀለሟ አልደበዘዘም፣ ሞተሯ በመጀመሪያው ቁልፍ ይነሣል፣ የሰዓት መቁጠሪያዋ ገና 300 አልሞላም። (የትራክተር ዕድሜ እንደ መኪና በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሠራችበት ሰዓት ነው የሚቆጠረው።) የአዲስ አበባ የመኪና ደላሎች «ስላይትሊ ዩዝድ» የሚሏት ዓይነት ናት። ገዢም ተገኝቶላታል። ታዲያ ምክር ለምን አስፈለገ?

«ሰውዬው ለምን እንደምሸጣት አልጠየቀኝም» አለኝ። «ካልጠየቀኝ ልንገረው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሮቢ ወንዝ ዳር፣ በመስኖ ሽንኩርት የሚለማበት መሬት ላይ ትራክተሯ ወርቅ ናት። ማሽላና ማሾ የሚዘራበት የሜዳው መረሬ ግን ሌላ ጉድ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ዝናብ ሲጠግብ ጎማ ይውጣል። ጉልበቷም ክብደቷም ትንሽ የሆነች ትራክተር እዚያ ውስጥ ጎማዋን በከንቱ ታሽከረክራለች እንጂ አታርስም። የወዳጄ መሬት መረሬ ነው። የገዢውም እንደዚያው። ገዢው ደግሞ ገንዘቡን ለመሙላት ጥማድ በሬዎቹን ሊሸጥ ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትራክተሯ ምንም አልሆነችም። ወዳጄም አልዋሸም። መቁጠሪያውን አልነካካም፣ የሚያንጠባጥብ ዘይት በጨርቅ ጠርጎ አልደበቀም። «ትሠራለች» ብሏል፤ ትሠራለች።

በዚያ አገር የከብት ገበያ ያደገ ሰው በጥያቄው ሊስቅ ይችላል። አፋሩም፣ አርጎባውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም በሚገናኙበት በሰንበቴ የእሑድ ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው የሻጩን አፍ ብቻ አያምንም። የበሬውን ጥርስ ያያል፣ ጫንቃው ላይ የቀንበር ጠባሳ ይፈልጋል፣ ወዲህ ወዲያ ያስኬደዋል። ሻጭ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም፤ ገዢውም በሬ ሲያይ ነው ያደገው። ዝምታው የእኩዮች ዝምታ ነው።

ትራክተር ግን ጥርሷ ተገልጦ አይታይም። በ2011 ዓ.ም. የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ ሲፈቀድ መሣሪያውን የመለየቱ ዕውቀት አብሮ በመርከብ አልመጣም። ገዢው መሬቱን ከማናችንም በላይ ያውቀዋል። የማያውቀው ይህች ትራክተርና ያ መሬት እንደማይስማሙ ነው። ያንን የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው።

ክርክሩ የጥንት ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ ረሀብ ወደ ገባባት ሮድስ ደሴት እህል ጭኖ የሚደርስ ነጋዴ አለ። ሌሎች መርከቦች ከኋላው እየመጡ ነው። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎኑ ዲዮጋን፣ ሕግ ንገር የሚለውን ጉድለት ከተናገረና ካላታለለ በቃው ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ደግሞ ሻጭ የሚያውቀውን ሁሉ ገዢ ይወቅ ባይ ነው። ሲሴሮ ለተማሪው ፈረደ። ዝም ማለት ሁሉ መደበቅ አይደለም፤ ለራስህ ጥቅም ስትል፣ ማወቅ የሚጠቅመው ሰው እንዳያውቅ ስትፈልግ ግን መደበቅ ነው ይላል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ጉድለትን በተንኮል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚል ውል ቢያስፈርምም አያድነውም። የእኛ ጉድለት ግን ትራክተሯ ውስጥ ሳይሆን በእሷና በመሬቱ መካከል ነው። ሕጉ እዚያ ድረስ ይሄድ እንደሆነ ጠበቆች ይከራከሩበት።

ይህን ሁሉ ብነግረው ወዳጄ ምን አለኝ መሰላችሁ?

«እኔስ ስገዛ ማን ነገረኝ?»

እውነቱን ነው። ለእሱም የነገረው የለም። ገንዘቡ መረሬ ውስጥ ቀርቶበታል። ለጊዜው መልስ አጣሁ። ቆይቼ ግን፣ በእሱ ላይ የደረሰውን የሚያውቅ ሰው ያንኑ በሌላ ላይ ሲያደርግ ሰበቡ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም ብዬ አሰብኩ። ሽንኩርት አልሚ ቢመጣ ስለ መረሬው መናገር ግዴታው አይመስለኝም። ማሽን የሚያገላብጥ የከተማ ነጋዴ ቢመጣም ራሱ ይጠይቅ። በሬዎቹን ሊሸጥ ለቆመው ገበሬ ግን መናገር አለበት።

«እንግዲያው እንዲህ አድርግ» አልኩት። «በሬ እንኳ ተጠምዶ ይሞከር የለ? ዝናብ ሲጥል ትራክተሯን ማሳው ድረስ ውሰድለትና አንድ ቀን ይረስባት። በሬዎቹን እስከዚያ አይሽጥ።»

«እንዲያ ካደረግኩማ አይገዛትም!»

«ታውቀዋለህ ማለት ነው» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና፣ ሮቢ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከጠበቀው ዋጋ መውረዱ እንደማይቀር ነግሬዋለሁ።