የሙታን መዝገብ ለማን ይጠቅማል?

ሙታንን መቅበር ከሰባቱ ሥጋዊ የምሕረት ሥራዎች አንዱ ነው። ይህ ግዴታችን ግን አፈር በማልበስ ብቻ ይፈጸማልን? እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (ቁ. 879) ከቀብር በኋላ ሟቹ በሙታን መዝገብ እንዲጻፍ ያዛል። መንግሥትም በመላ አገሪቱ የሞት ምዝገባን በ2008 ዓ.ም. ጀምሯል፤ ከዚያ አስቀድሞ ያረፈ ወላጁን መቃብር የሚሻ ሰው ግን በአብዛኛው ተስፋው የቁምስናው መዝገብና የእድሩ ደብተር ናቸው።

«እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቃል፤ መጻፉ ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እግዚአብሔር መዝገብ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ለእኛ ነው፤ ሙታንን በስማቸው ጠርተን እንድንጸልይላቸው፥ ልጅም «አባቴ የት አረፈ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ እንዲያገኝ። እኛ ካህናት በድካም ቀን «ነገ እንጽፈዋለን» ብለን የተውነው ስም ስንት ይሆን? ያ ባዶ መስመር የፍቅር ጉድለት ነው።

ስለዚህ ቆሞሱ በቀብሩ ዕለት የሟቹን የክርስትናና የዓለም ስም፥ ቀኑን ከነአቆጣጠሩ፥ የመቃብሩንም ስፍራ ይጻፍ። ቤተሰብም፥ የሚያውቁ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ፥ ሳይጻፍ የቀረውን ያስመዝግብ። ነገ የእኛም ስም በሌላ ሰው እጅ ይጻፋልና።