ዘውዱን ያልደፉት ራሶች

በወልድያና በደሴ መንገድ ላይ ባለችው መርሳ የተደረገ ጭውውት ነው። ጠያቂው ወጣት የታሪክ መምህር ነው፤ መላሹ የየጁን የትውልድ ሐረግ በቃላቸው የሚቆጥሩ አዛውንት ናቸው።

ጠያቂ፦ አባቴ፣ ተማሪዎቼ «የጁ ኢትዮጵያን ገዝቷል ወይስ ንጉሥን አገልግሏል?» ብለው ያዙኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

አዛውንቱ፦ ሁለቱንም አድርጓል በላቸው፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚያ ላይ ነው። ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. ጎንደር ንጉሠ ነገሥት አላጣችም። አዋጁ በስሙ ይነገራል፣ ቤተ ክርስቲያንም በጸሎቷ ስሙን ትጠራለች። ጦር የሚያዘምተው፣ የሚሾመውና የሚሽረው ግን ከእኛው አገር ከወረ ሼህ ቤት የወጣ ራስ ነበር። በሕጉ የንጉሡ እንደራሴ ነው። በተግባር ንጉሡን የሚያነግሠውም የሚያወርደውም እሱ ነው።

ጠያቂ፦ አገልጋይ እንዲህ ጌታውን የሚበልጥበት ዘመን እንዴት መጣ?

አዛውንቱ፦ በሩን የከፈተው የየጁ ሰው አይደለም። የትግሬው ራስ ሚካኤል ስሑል በ1761 ዓ.ም. ንጉሡን ኢዮአስን አስገደለ። የንጉሥ ደም በአገልጋዩ እጅ ፈሰሰና፣ ከዚያ ወዲህ ዙፋኑን የሚፈራው ሰው አነሰ። ዓሊ ጓንጉል፣ እኛ ትልቁ ዓሊ የምንለው፣ በ1776 ዓ.ም. አፈራ ዋናት ላይ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነስቶ በቦታው ሌላ ንጉሥ አስቀመጠ። ያ ተክለ ጊዮርጊስ እየተሻረና እየተመለሰ ስድስት ጊዜ ነግሧል፤ «ፍጻሜ መንግሥት» የተባለውም በራሱ ሥልጣን የገዛ የመጨረሻው ንጉሥ ስለሆነ ነው።

ጠያቂ፦ ታዲያ ያን ያህል ኃይል ሲኖረው ዘውዱን ራሱ ለምን አልደፋም?

አዛውንቱ፦ ልጄ፣ ዘውድ በጦር ብቻ አይደፋም ነበር። የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለትንና ሕዝቡም ካህኑም ያንን መቀበላቸውን ይጠይቃል። ወረ ሼህ የኦሮሞ ዘር ያለው፣ ከእስልምና ወደ ክርስትና የመጣ ቤት ነው። ዓሊ «ነገሥሁ» ቢል ኖሮ ትግሬው፣ ሰሜኑና ጎጃሙ በአንድ ቀን ይነሡበታል። ንጉሡን በጎንደር ትቶ ስሙን ይዞ መግዛት ይሻለው ነበር። በዚህ አሠራር ከሁሉ የተካነው ራስ ጉግሣ መርሳ ነው።

ጠያቂ፦ ስለሱ በመማሪያ መጽሐፋችን ያለው አንድ መስመር ነው።

አዛውንቱ፦ ይኼ ነው የሚቆጨኝ! ሩብ ምዕት ዓመት ያህል፣ እስከ 1817 ዓ.ም. ድረስ፣ ሥልጣኑን ሳያስነጥቅ ኖሮ በሹመቱ ላይ የሞተ ሰው በአንድ መስመር ያልፋል? ከሱ በፊት የነበሩት የቤቱ ሰዎች እርስ በርስ ሲሻሙ ነበር። ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አደረገ፤ ንጉሡ እጓለ ጽዮን ጎንደር ተቀመጠ። የበጌምድርን ባላባት በጦር ሲገጥመው ቢኖር ማብቂያ አልነበረውም። ስለዚህ «መሬቱ የንጉሥ ነው» ብሎ በአዋጅ ርስቱን ነጠቀው ይባላል። ተመልከት፣ ንጉሡ እጁ ባዶ ነው፤ በስሙ ግን የአገር መሬት ይወሰዳል። ባላባቱ «መሬቱ የጉግሣ ነው» ቢባል ይዋጋ ነበር። ያልደረሰበትን ደግሞ በጋብቻ ያዘው። ልጁን ሂሩትን ለሰሜኑ ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ዳረ፤ እቴጌ ጣይቱና ወንድሟ ራስ ወሌ ብጡል ከዚያ ሐረግ የወጡ ናቸው። ስለዚህ የጉግሣ ደም በአድዋም ዘምቷል።

ጠያቂ፦ ንጉሡ እንዲህ ባዶ መቅረቱን የውጭ ሰዎች ያውቁ ነበር?

አዛውንቱ፦ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1802 ዓ.ም. ከአገሩ ንጉሥ ለእኛው ንጉሥ የተላከ ስጦታ ይዞ መጥቶ ጎንደር ሳይደርስ ተመልሷል። ስጦታውን የተቀበለው የትግሬው ራስ ወልደ ሥላሴ ነው፤ እሱና ጉግሣ የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ። ኋላ በ1842 የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን መጥቶ የአገሩን ውል የተዋዋለው ከጉግሣ የልጅ ልጅ ከራስ ዓሊ አሉላ ጋር ነው። በዚያን ጊዜ እውነተኛው ሥልጣን የት እንዳለ ባዕዱም ለይቶታል።

ጠያቂ፦ ይኼ የእኛ ብቻ ችግር ነው?

አዛውንቱ፦ አይደለም። በሃንጋሪ ሁኛዲ ያኖሽ የሚባል መኰንን ነበር። ከተራ ባላባትነት ተነሥቶ፣ ቱርክን በመዋጋት ገንኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1446 ሕፃኑን ንጉሥ ተክቶ የአገሩ ገዥ ሆነ። ዘውዱን አልነካም። እሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ግን፣ በ1458፣ መኳንንቱ ልጁን ማትያስን መረጡና አነገሡት። የእነሱ ሕግ ንጉሥን በምርጫ ለማንገሥ መንገድ ነበረው፤ የእኛዎቹ የየጁ ራሶች ያ መንገድ አልነበራቸውም። ሰባ ዓመት ሠርተው ለልጆቻቸው ያወረሱት ዙፋን ሳይሆን ጦርነት ነበር።

ጠያቂ፦ መጨረሻው እንዴት ሆነ?

አዛውንቱ፦ ከጉግሣ በኋላ ልጆቹ ቶሎ ቶሎ አለቁ። ማርዬ በ1823 ደብረ ዓባይ ላይ ወደቀ። ያ ዓሊ አሉላ ገና በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ራስ ተባለ። አገሩን በአብዛኛው የያዘችው እናቱ መነን ሊበን ናት። እሷ ንጉሡን ዮሐንስ ሣልሳዊን አግብታ እቴጌ ሆነች፤ ዘውዱ ለወረ ሼህ ከዚያ በላይ ቀርቦ አያውቅም። በ1834 የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበረው ደጃች ውቤ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ዓሊን አሸነፈ። ዓሊ ሸሸ። ውቤ ድሉን ሲያከብር የዓሊ ዘመድ ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ ማረከውና ዓሊ ሥልጣኑ ተመለሰለት። እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ አይገኝም። የቋራው ካሣ ኃይሉ በ1839 መነንን ማረካት፤ የዓሊን ልጅ ተዋበችን ያገባ አማቹ ነበር። በሰኔ 1845 አይሻል ላይ ዓሊን ድል ነሣው። ዓሊም ወደዚሁ ወደ የጁ ሸሸ። ካሣ ግን አንጋሽ ሆኖ መኖርን አልፈለገም፤ በ1847 ደረስጌ ላይ ራሱ ዘውድ ደፋና ቴዎድሮስ ተባለ። የጁዎች ሰባ ዓመት የፈሩትን በሁለት ዓመት ፈጸመው።

ጠያቂ፦ ስለዚህ ለተማሪዎቼ የጁ አገር አፈረሰ ልበላቸው ወይስ አገር አቆመ?

አዛውንቱ፦ ብዙ ደም ፈስሷል፤ ያን አትደብቃቸው። ግን ዘመኑን ሁሉ በአንድ ጨለማ አትጣፈው። የጉግሣን ዓመታት ለይተህ አስተምራቸው፤ የአገራችን ሰው ያለ ዘውድ እንዴት አገር እንዳስተዳደረ፣ ምን እንዳተረፈና ምን እንዳጠፋ ራሳቸው ይመዝኑ። ከዚያም ወደየቤታቸው ስደዳቸው። በመርሳ፣ በውርጌሳ፣ በወልድያ ሐረግ የሚቆጥሩ ሽማግሎች አሁንም አሉ፤ የሚነግሯቸውን በደብተር ይጻፉ። በዚህ ዓመት ይጀምሩ፣ እኛ ሳናልፍ።