«ፍሬን አለው፤ እግር ግን ይፈልጋል»

ንባብ፦ «አቦ፣ ፍሬን አለው፤ እግር ግን ይፈልጋል።»

ይህ የአሮጌ መኪና ሻጭ ቃል ነው። በድሬዳዋም በሐረርም ይባላል፤ ወደ ጅግጅጋ ቢወጡ፣ ወደ ኤረር ቢወርዱ ያው ነው። ከመጽሐፍ ያልወጣ ቃል ለምን ይተረጎማል ቢሉ፤ ገዢ ገንዘቡን፣ ተሳፋሪ ነፍሱን የሚያስረክበው በዚህ ቃል ነውና ይተረጎማል። አጭር ነው፤ ግን ቢያንስ አምስት በሽታ በአንድ አፍ ይናገራል። መድኃኒታቸው ደግሞ አንድ አይደለም።

ታሪክ። በዚህ አገር ቃሉ አብዝቶ የሚነገርላት ፔጆ 404 ናት። መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣች፣ በፈረንሳይ እስከ 1975 ተሠራች። የስፖርት መኪና ናት ወይ ቢሉ፤ አራት በር ያላት የቤተሰብ መኪና ናት። ነገር ግን የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 በተከታታይ አሸንፋለች። በኬንያ ጭቃና አቧራ ያን ያህል የሮጠችን «ስፖርት አይደለሽም» ማለት ግፍ ነው። በሐረር ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ታክሲ ሆና ስትኖር ያያት የራሊ ታሪኳን ላያስብ ይችላል፤ መሪዋን የያዘ ግን ያስባል። መሄድ አላቃታትም። ያቃታት መቆም ነው።

«አቦ» አለ፤ ገዢው ብዙ እንዳይጠይቅ ሲያዋክበው ነው። ሌላ ምሥጢር የለውም።

«ፍሬን አለው» አለ፤ ፔዳሉም ዘይቱም ሸራውም በቦታቸው አሉ ሲል ነው። አንድም፣ ተረግጦ ሲቆም ታይቷል ሲል ነው። የት ታየ ቢሉ፤ ሜዳ ላይ። የኤረር ምድር ለጥ ያለ ነው፤ ከጣቢያው ተነሥቶ ፍል ውሃው ድረስ የሚነዳ ሰው ፍሬኑ ደካማ መሆኑን ሳያውቅ ዓመት ሊከርም ይችላል። ምስክሩ ሐሰተኛ አይደለም፤ ቁልቁለት አላየም እንጂ።

«እግር ይፈልጋል» አለ፤ ሰርቮው አያግዝም ሲል ነው። ሰርቮ ምንድን ነው ቢሉ፤ ክብ የቆርቆሮ ቤት ነው፤ መሃሉን የላስቲክ መጋረጃ ለሁለት ይከፍለዋል። ሞተሩ በቱቦ አየሩን ስቦ ባዶ ያደርግለታል። ሾፌር ፔዳል ሲረግጥ በአንዱ ወገን የውጭው አየር ይገባል፤ በሌላው ወገን ባዶው እንዳለ ይቆያል፤ አየሩም መጋረጃውን ገፍቶ፣ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚልከውን ማስተር ሲሊንደር ይጫናል። ለመኪና የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሠራው ቤልጂጋዊው አልበርት ደዋንድር ነው። ስለዚህ ሰርቮ የራሱ ጉልበት የለውም። የሚያግዘው ከላያችን የተጫነው አየር ነው፤ ሞተሩ ደግሞ በወዲያኛው ወገን ቦታ ይለቅለታል።

አንድም፣ እግር የሚፈልገው አየሩ ስለ ሳሳ ነው። ይህን ንባብ ላይ ቤት ልንለው እንችላለን። በአንድምታ ትምህርት፣ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመምህራን ወገኖች ናቸው፤ እዚህ ግን የሚለዩት በከፍታ ነው። ከኤረር ወደ ሐረር የወጣ ሰው «ትናንት እሺ ያለኝ ፍሬን ዛሬ ደነደነ» ቢል አልዋሸም። ሐተታ፦ በጂቡቲ ባሕር ዳርቻ አየር በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ በ1.03 ኪሎ ይጫናል። 1,100 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት ኤረር 0.91 ይሆናል፤ 1,900 ሜትር ገደማ በሆነችው ሐረር 0.82፣ በአዲስ አበባ ከ0.78 አይበልጥም። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ፣ ሲሠራ በቱቦው ውስጥ የሚተወው አየር 0.33 ያህል ነው እንበል። ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰርቮ መጋረጃው 314 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ልዩነቱን በዚህ ብናባዛው ሰርቮው ጂቡቲ ላይ በ220 ኪሎ፣ ኤረር ላይ በ182፣ ሐረር ላይ በ154፣ አዲስ አበባ ላይ በ141 ኪሎ ያግዛል። አንዲት ዕቃ ሳትበላሽ፣ ከወደብ ሐረር እስክትደርስ ድረስ እገዛው በ30 በመቶ ቀነሰ ማለት ነው። ይህ ሒሳብ የግምት ነው፤ አቅጣጫው ግን አይሳሳትም። እንግዲህ ሐረር ላይ ፍሬን ደነደነ ብሎ ሰርቮ የሚያስቀይር ሰው የተራራውን ዕዳ ለመለዋወጫ ነጋዴ ይከፍላል።

ታዲያ ደጋ ያለ ሰው በዚሁ ይኑር ወይ ቢሉ፤ አይደለም። መጋረጃው ሰፋ ያለ ሰርቮ ቢገጠም የጠፋው ይመለሳል፤ ከ20 ወደ 23 ሳንቲ ሜትር ማደግ ብቻውን እገዛውን በሲሶ ያህል ይጨምራል። ቦታ ከተገኘ ነው እንጂ።

አንድም፣ አየሩ ሳይሳሳ ሞተሩ መሳብ ሲያቅተው ነው። ቫልቩ የሚያፈስ፣ ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ ሞተር ባዶ አይሠራም። ለፍጥነት ብሎ ካምሻፍት የቀየረም እንዲሁ ነው፤ የራሊ ካምሻፍት በዝቅተኛ ዙር ሲሠራ ቫልቮቹ አብረው ተከፍተው ስለሚቆዩ መሳቡን ያሳጣዋል። ሰውዬው መሮጫውን ሲያበረታ መቆሚያውን አደከመ። ለእንዲህ ያለው ባዶ የሚጠራቀምበት ትንሽ ጋን ይጨመርለታል፤ ካልበቃም በኤሌክትሪክ የሚሠራ የአየር መሳቢያ ፓምፕ አለ።

አንድም፣ ሞተሩ እየሳበ ባዶው መንገድ ላይ ሲጠፋ ነው። ይህኛው ርካሹ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜም እሱው ነው። ከካርቡራቶሩ ሥር ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ ይንቀሉት። በኤረር ፀሐይና በሞተር ሙቀት መካከል ለዓመታት የኖረ ጎማ ላዩ ድፍን መስሎ፣ ጎንበስ ሲያደርጉት በመታጠፊያው ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ያሳያል። ሞተሩን አስነሥተው የቱቦውን አፍ በአውራ ጣት ይድፈኑት፤ ጣት ሲስብና የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ መሰማት አለበት። ሰርቮው ላይ ከቱቦው ጫፍ የተሰካች አየርን ወደ አንድ ወገን ብቻ የምታሳልፍ ቫልቭ አለች። በአፍ ይፈትኗታል፤ በአንዱ ወገን ስትነፋ ታሳልፋለች፣ በሌላው አታሳልፍም። በሁለቱም ካሳለፈች ሥራዋን ትታለች። ብዙ ጋራዥ ይህችን ቫልቭ ሳያይ ወደ ትልቁ ዕቃ ይሮጣል፤ ምክንያቱን ለመገመት መምህር አያስፈልግም።

ሰርቮው ራሱ መሞቱን በምን እናውቃለን ቢሉ፤ ገዢው በሻጩ ፊት ሊያደርገው በሚችል ነገር። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡ፤ ይደነድናል። እግር ሳያነሡ ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ሕያው ነው። ንቅንቅ ካላለ ወይ ባዶው አልደረሰም ወይ መጋረጃው ተቀድዷል። ሲረገጥ ከፔዳሉ በላይ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ሳይቋረጥ ከተሰማ፣ ተቀድዷል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተው ጥቂት ደቂቃ ይቆዩና ይርገጡ፤ የመጀመሪያው ርግጫ ልስልስ ሊሆን ይገባል። ወዲያው ድንጋይ ከሆነ ያች ቫልቭ ባዶውን አልጠበቀችም። ይህን ፈተና የሚከለክል ሻጭ ካለ ትርጓሜው አለቀ።

አንድም፣ «እግር ይፈልጋል» ማለት የሚይዘው ነገር ከረረ ማለት ነው። ከሰርቮው ጋር ጉዳይ የለውም። ሸራው ርካሽና ደረቅ ከሆነ፣ ወይም በሙቀት ተቃጥሎ እንደ መስተዋት ልሙጥ ከሆነ፣ ስንት ቢጫኑት ያንሸራትታል። 404 መጀመሪያ በአራቱም ጎማ ታምቡር ነበራት፤ የፊቱ ዲስክ የሆነው በኋላ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ታምቡር ራሱን ይረዳል፤ ከሁለቱ ሸራዎች የፊተኛውን የጎማው ዙር እየጎተተ ወደ ታምቡሩ ያስጠጋዋል። ዲስክ ይህ የለውም። ስለዚህ ታምቡር አውልቆ ያለ ሰርቮ ዲስክ የገጠመ ሰው ዘመናዊ ሆንኩ ሲል ፔዳሉ ይከብደዋል። ዲስኩ ጥፋት የለበትም፤ የጎደለው እገዛ ነው።

ማስተር ሲሊንደሩም በዚሁ ይገባል። ውስጡ 22 ሚሊ ሜትር የሆነውን በ19 ቢተኩ፣ በዚያው እግር የዘይቱ ግፊት በ34 በመቶ ያድጋል፤ ፔዳሉ የሚሄደው መንገድ ግን በዚያው ልክ ይረዝማል። እግር ለማቅለል ብሎ ፔዳሉን ወለል የሚያስነካ አለ። ከሁለቱ ለአንዱ መወሰን ነው፤ ሁለቱንም የሚሰጥ ሲሊንደር የለም።

ታች ቤት ግን ሌላ ይተረጉማሉ፤ የበረሃው ወገን ናቸውና ነገራቸው ስለ ሙቀት ነው። «እግር ይፈልጋል» ማለት ፔዳሉ ሸሸ፣ እግሩ ተከትሎት ይሄዳል ማለት ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ፔዳል ድንጋይ ነበር፤ የዚህኛው ስፖንጅ ነው። መንሥኤው ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የተባለው አዲስ ሳለ የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ በሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ ሸራው ሲግል ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ያልፋል፤ እርጥቡ ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ፔዳሉ ወለል ይነካል። ድሬዳዋ ገብቶ ሲበርድ ደኅና ይሆናል፤ መካኒኩም «ምንም የለውም» ይላል። የለውማ፤ ምስክሩ በርዷል። ክዳኑን ከፍቶ ቀለሙን ማየት ነው፤ ጥርት ያለ መሆን የነበረበት ጠቁሮ ከተገኘ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፣ አየሩም ከሩቁ ጎማ ጀምሮ ይውጣ። የሞተር ዘይት ጨምሮ የሚሞላም አይጠፋም፤ ጎሚኒው አብጦ በአንድ ሳምንት ሁሉን ያበላሻል።

ሁለቱ ቤቶች ይጣላሉ ወይ ቢሉ፤ አይጣሉም። የደነደነ ፔዳል ወደ ላይ፣ ወደ አየርና ወደ ሰርቮ፣ አለዚያም ወደ ከረረ ሸራ ይመራል፤ የሸሸ ፔዳል ወደ ታች፣ ወደ ዘይትና ወደ ጎማ ይመራል። ሻጩ ሁለቱንም በአንድ ቃል ስለሸፈነ ነው ነገሩ የተደበላለቀው። እኔ ከሁለቱ የምፈራው ታች ቤትን ነው፤ የደነደነው ፔዳል ቢያንስ አስቀድሞ ይነግራል።

ምሥጢር። ኤረር የባቡር አገር ናትና በባቡር ይመሰላል። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1872 ያወጣው የባቡር ፍሬን አየር ሲያጣ ራሱ ይይዛል። ዛሬ በጂቡቲ መንገድ የሚያልፈው ሲኖትራክም አየሩ ሲያልቅ በጠንካራ ሞላ የኋላ ጎማው ይያዛል። የኛይቱ ፔጆ ግን አየር ስታጣ አትያዝም፤ ትከብዳለች እንጂ። ለሾፌሩ የሚቀርለት የገዛ እግሩ ነው። ባቡሩስ አልወደቀም ወይ ቢሉ፤ ወድቋል። በጥር 1977 ዓ.ም. በዚሁ መስመር በአዋሽ አጠገብ ባቡር በኩርባ ድልድይ ላይ ከመስመር ወጥቶ ከ400 በላይ ሰው ሞቷል፤ ኩርባው የሚፈልገውን ያህል ፍጥነት አልቀነሰም ነበር። በጊዜ ያልተያዘ ፍሬን ቢኖርም እንደሌለ ነው።

አንድም፣ «እግር ይፈልጋል» ማለት ሞተሩ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህን ትርጓሜ በመጨረሻ ያኖርነው ከሁሉ የከፋ ስለሆነ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ደንገጎን በዜሮ ማርሽ፣ አንዳንዴም ሞተር አጥፍቶ የሚወርድ ሾፌር አለ። ሞተር ሲጠፋ በሰርቮው ውስጥ የተቀመጠው ባዶ ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ ይበቃል። ኩርባዎቹ ከሦስት ይበዛሉ። ነገሩ የሚያሳዝነው፣ ማርሽ ገብቶ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ቁልቁል ሲወረድ ሞተሩ ከሁልጊዜውም አብልጦ አየር መሳቡ ነው፤ ደጋው የነሣውን እገዛ ቁልቁለቱ ይመልስ ነበር፤ ሸራውም ባልጋለ ነበር።

እንግዲህ ገዢ ሆይ፣ ይህን ቃል ስትሰማ መጀመሪያ ቱቦውንና ቫልቯን፣ ቀጥሎ ዘይቱን፣ ቀጥሎ ሸራውን እይ፤ ሰርቮ ለመቀየር ገንዘብ የምታወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሾፌር ሆይ፣ አንተ ደግሞ ከደንገጎ አናት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ ሞተሩን አታጥፋ።