የሚያስደስት እጅ እና የሚያበላ እጅ

ከዐረብኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም ሰው ደጋግሞ ከሚቸገርባቸው ቀላል መሳይ ቃላት አንዱ «ሂዋያ» የሚለው ነው። ሰው ለእንጀራው ሳይሆን ለደስታው ሲል የሚሠራውን ሥራ፣ ስፌትም ይሁን ሸክላ ወይም የእንጨት ቅርጽ፣ ዐረቦች በዚህ ቃል ይጠሩታል። ቃሉ ዝንባሌንና ፍቅርን ከሚያመለክተው «ሀዋ» ጋር ሥሩ አንድ ነው። እኛ ግን «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» እንላለን። በዐረብኛው ሥራው የሚሰየመው በፍቅር ነው፤ በአማርኛው ግን በሰዓት፣ ያውም በተረፈ ሰዓት። አንደኛው «ምን ትወዳለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሁለተኛው «ሥራ ስትፈታ ምን ታደርጋለህ?» የሚል ይመስላል።

ስያሜው ምንም ይሁን ምን፣ በእጅ ሠርቶ መደሰት ለሰው ልጅ የተሰጠ መልካም ነገር ለመሆኑ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። በካርቱም የኖረ ኢትዮጵያዊ ደግሞ ለዚህ የተመቸ አጋጣሚ አለው። ሱዳኖች «ጠበግ» የሚሉትን፣ ከዘንባባ ቅጠል በልዩ ልዩ ቀለም የሚሰፋውን የምግብ መክደኛ ያየች የስፌት ባለሙያ ወዲያው የሥጋ ዘመዷን ያገኘች ያህል ይሰማታል። ሣሩ በቅጠል ይለወጥ እንጂ ዙሪያውን እየጠመጠሙ፣ በወስፌ እየበሱ ማሳደጉ የምታውቀው ነው። የአንዱን አገር ሥራ የሚያውቅ እጅ የሌላውን ለመሞከር አይፈራም።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከደስታው አልፎ የሚሄድ ነው። አንዱ ለደስታው የሚሠራውን ሥራ ሌላው ለእንጀራው ሲሠራው የምንሰጠው ክብር ለምን ይለያያል? ይህን ልዩነት እንዳለ ትተን በእጅ ሥራ መደሰታችንስ ከነውር የጸዳ ነውን?

የጥያቄው ሥር ሩቅ ነው። በቀድሞው ቤት ወይዘሮዎች ሳይቀሩ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ባዘቶው ተዘጋጅቶ እንዝርቱ ሲሾር መዋሉ የቤቱ ክብር እንጂ ውርደቱ አልነበረም። ስንደዶና አክርማ ለቅማ፣ አለላ ነክራ መሶብ የምትሰፋ ልጅም «ባለሙያ» ተብላ ትመሰገን፣ ለትዳር ትታጭ ነበር። ያንኑ ፈትል ተቀብሎ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚሸምነው ሰው ግን የሥራው ስም ስድብ ሆኖ ይመለስለት ነበር። ከወይዘሮዋ እጅ የወጣው ፈትል የተከበረ፣ ፈትሉን ጋቢ ያደረገው እጅ የተናቀ! ማሰሮውን ያለ ሸክላ ሠሪ፣ ማረሻውን ያለ ቀጥቃጭ፣ ጠፍሩን ያለ ፋቂ ማግኘት የማይችለው ገበሬም እነዚህን ሰዎች «ቡዳ» እያለ ልጁን ከዐይናቸው ይሸሽግ ነበር።

ለዚህ ንቀት ብዙ ምክንያት ይሰጣል። እሳትን የሚገራ ሰው ምስጢራዊ ኃይል አለው የሚል ፍርሃት አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ግን የመሬት ጉዳይ ነው። ርስት ያለው ያርሳል፤ ርስት የተነፈገ በእጁ ያድራል። የእጅ ሥራ የተናቀው በራሱ የሚያስንቅ ሆኖ ሳይሆን መሬት የሌለው ሰው መለያ ስለ ሆነ ነው ማለት ይቻላል። ሥራው ለቤት ማስጌጫ ሲሆን ሙያ ይባላል፤ ሰውየው ያለ እርሱ የማይኖር ሲሆን ግን ስድብ ይሆናል። የተዋረደው ጥበቡ ሳይሆን ችግሩ ነው።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። «ጥበብ» ማለት ዕውቀትና ማስተዋል ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ ሸማኔ የሚያወጣው ባለቀለም ጥለትም «ጥበብ» ነው። «ጠቢብ» ብለን ሰሎሞንን እናከብርበታለን፤ ከዚያው ሥር በወጣው «ጠይብ» ደግሞ ቀጥቃጩን ሰድበንበታል። አንድን ቃል ከሁለት ቆርጦ ግማሹን በዙፋን፣ ግማሹን በአመድ ላይ ማስቀመጥ ለአንድ ሕዝብ ኅሊና ቀላል ነገር አይደለም።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መሳደብ ከልክለዋል። አዋጁ ቀጥቃጩንና ሸማኔውን የሚያዋርዱ ስሞችን አንሥቶ የሚያወግዝ ሲሆን፣ መንፈሱም ባለ እጅን የሚሰድብ አገር ያለ ባለ እጅ ይቀራል የሚል ነበር። ይሁን እንጂ አዋጅ አፍን ይዘጋ እንደ ሆነ እንጂ ልብን አይለውጥም። ከዚያ በኋላም ስድቡ ዝቅ ባለ ድምፅ ብዙ ዘመን ኖሯል።

ይህ ታሪክ ለካርቱም ነዋሪ ሩቅ አይደለም። ከጎንደር በስተ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ወለቃ የሚባል መንደር አለ። በዚያ ይኖሩ ከነበሩት ቤተ እስራኤል ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በቀጥቃጭነትና በሽመና ይታወቁ ነበር። ርስት የተነፈጉ፣ ቡዳ የተባሉ ሰዎች ነበሩ። ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግር ወደ ሱዳን ከተሻገሩት ቤተ እስራኤል መካከል በሺዎች የሚቆጠሩ በመንገድና በገዳሪፍ አካባቢ ባሉ የስደተኞች ካምፖች አለቁ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. ድረስ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በሌሊት በአውቶቡስ እየተጫኑ፣ ከጣኢፍ ብዙም ከማይርቀው የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በምስጢር ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በዚህች ከተማ ሰማይ ላይ ካለፉት መካከል የጎንደርን ማሰሮ የሠሩ እጆች ነበሩ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ የወለቃ የሸክላ ምስል የቱሪስት ማስታወሻ ሆኖ ተፈለገ። ሠሪዋ አጠገባችን ሳለች ከዐይኗ እየሸሸን፣ ከሄደች በኋላ ሥራዋን በመደርደሪያ ላይ ማኖር ከባድ ምፀት ነው። በእጅ ሥራ የሚደሰት ሁሉ ይህን ምፀት ሊያልፈው አይገባም።

ንቀቱ የእኛ ብቻ አልነበረም። አርስጣጣሊስ «ፖለቲካ» በተባለው መጽሐፉ ከሁሉ የተሻለች ከተማ የእጅ ሠራተኛን ዜጋ አታደርግም ብሎ ጽፏል፤ ለኑሮው የሚሠራ ሰው ለበጎነት የሚሆን ጊዜ የለውም ከሚል አሳብ ነው። የሃይማኖት መጻሕፍት ግን ሌላ ይላሉ። በኦሪት ዘጸአት ባስልኤል በወርቅ፣ በድንጋይና በእንጨት ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላበት ተጽፏል። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ሰፊ ነበር። በቁርኣንም ለነቢዩ ዳውድ ብረት እንደ ለዘበለት ተነግሯል። በአንድ መስጊድና በአንድ ቤተ ክርስቲያን እነዚህን የሰማ ሰው ከደጅ ወጥቶ ቀጥቃጩን ቡዳ ሲል ከየትኛው መጽሐፍ እንዳነበበው ሊጠየቅ ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ታዲያ ችግሩ እንዲህ ከሆነ፣ ደመወዝ ያለው ሰው በዐርብ ቀን ሸክላ ማቡካቱ በድኻ ኑሮ መጫወት አይሆንም?» ክርክሩ ከባድ ነው። ሌዎ ቶልስቶይ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የባለርስት ልጅና ስመ ጥር ደራሲ ሆኖ ሳለ ጫማ መስፋት በተማረ ጊዜ፣ ከዘመዶቹ ጀምሮ ብዙዎች እንደ ቀልድ ቆጥረውታል። በእርግጥም ቶልስቶይ ጫማው ባይሸጥ አይራብም ነበር። ለወዳጁ ለባለ ቅኔው ለፌት አንድ ጫማ ሠርቶ ሲሰጠው ግን ፌት 6 ሩብል ከፍሎታል። በዚህች ክፍያ ውስጥ ጨዋታው ወደ ቁም ነገር ተለወጠ፤ ጫማው ጫማ፣ ሠሪውም ሠራተኛ ሆነ።

በሌላ በኩል ደስታውን ጨርሶ ማጣጣልም ስሕተት ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት የጻፈው ዮሐንስ ካስያን ስለ አንድ የግብፅ በረሓ መነኩሴ፣ ስለ አባ ጳውሎስ፣ ይተርካል። መነኩሴው ከከተማ የ7 ቀን መንገድ ርቆ ይኖር ስለ ነበር የሠራውን ወደ ገበያ ማድረሻው ኪራይ ከዋጋው ይበልጥ ነበር። ሆኖም በየቀኑ የዘንባባ ቅጠሉን ይሠራ ነበር፤ ዓመት ሲሞላ ዋሻውን የሞላውን ሥራ ሁሉ አቃጥሎ እንደገና ይጀምር ነበር። ለእርሱ ሥራው ልብን የሚያረጋጋ፣ አሳብን የሚሰበስብ ነበርና። እንግዲህ የእጅ ሥራ ሳይሸጥም ለሠሪው የሚሰጠው ጥቅም አለው። ቀኑን ሙሉ በወረቀት ወይም በስልክ ላይ አጎንብሶ የዋለ ሰው ማታ ጭቃ ወይም ክር ሲይዝ የሚሰማው ዕረፍት ከዚህ የተለየ አይደለም።

እንግዲህ ፍርዱ ምን ይሁን? በእኔ ግምት ሥራን ለደስታ መሞከር የሚነወረው ሠሪውን ሲያስረሳን ነው፤ ሠሪውን ሲያስተዋውቀን ግን ከስብከት ሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ይሆናል። ለመጀመሪያ ጊዜ ወስፌ የያዘ ሰው አንድ ዙር ለመጠምጠም ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ያያል። ጣቱ ይወጋል፤ አለላው ይበጠሳል፤ ክቡ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ አንድ ትልቅ መሶብ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚጠይቅ የሚያውቀው በወሬ ሳይሆን በወገቡ ነው። ሸክላም እንዲሁ ነው፤ ጭቃው በቅጡ ካልታሸ፣ አየር በውስጡ ከቀረ ወይም ሳይደርቅ እሳት ከገባ የቀናት ድካም በአንድ አፍታ ይሰነጠቃል። ጀበናዋን ገበያ ላይ አቅርባ የተቀመጠችው ሴት ያን ሁሉ ኪሳራ በዋጋው ውስጥ አካታ እንደምትጠራ ያልሞከረ ሰው አያውቅም።

ይህ ዕውቀት ግን ግዴታ ያስከትላል። አንደኛው በዋጋ ላይ ነው። መሶብ መስፋት የሞከረ ሰው መሶብ ሲገዛ በግማሽ ዋጋ ሊከራከር ኅሊናው አይፈቅድለትም፤ የሚከራከር ከሆነ የተማረው ጣቱ ብቻ ነው። ሁለተኛው በስም ላይ ነው። ሥራውን ከማን እንደ ተማርን መናገር፣ የዶርዜን ሽመና የዶርዜ፣ የሐረርን ስፌት የሐረር፣ የሱዳንን ጠበግ የሱዳን ማለት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ለዘመናት ስማቸው በስድብ ብቻ ለተጠራ ሰዎች ግን ዕዳ መክፈል ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ነው። ደመወዝ ያላት ሴት በዕረፍት ጊዜዋ የሰፋችውን በባዛር ላይ «ለእኔ ጨዋታ ነው» ብላ በርካሽ ብትሸጥ፣ ሐሳቧ ቅን ቢሆንም አጠገቧ በዚያው ሥራ ልጆች የምታሳድገውን ሴት ገበያ ታፈርሳለች። ስጦታ መስጠት ይቻላል፤ መሸጥ ከሆነ ግን እንጀራዋ እንደሆነች ሴት ዋጋ ጠርቶ መሸጥ ይገባል።

በጣኢፍ አጠገብ ባለው በጀሪፍ፣ በጥቁር ዓባይ ዳርቻ፣ ለበርካታ ዐሥርተ ዓመታት ጡብ በእጅ ሲሠራ ኖሯል። ወንዙ በክረምት ከኢትዮጵያ ደጋ ጠርጎ ያመጣውን ደለል ሠራተኞች ያቦኩታል፣ በቅርጽ ይመቱታል፣ ያቃጥሉታል። በእነዚያ ጡቦች የተሠሩ ቤቶች በካርቱም ሞልተዋል። በቤቱ የኖረ ሁሉ ግድግዳው የአገሩ አፈር መሆኑን፣ አፈሩንም ጡብ ያደረገው ስሙን የማያውቀው ሰው እጅ መሆኑን ቢያስብ ኖሮ ምናልባት ከተማዋ ሌላ መልክ ይኖራት ነበር። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ከቤቶቹ ብዙዎቹ ፈረሱ፤ ነዋሪው ተበተነ፤ የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘረፈ። ብዙ ሐበሾች በገላባትና በመተማ በኩል ወጡ። የቤት ዕቃ፣ ገንዘብና ሰነድ በመንገድ ቀርቷል። እጅ የተማረው ሥራ ግን በኬላ አይፈተሽም። ዐረቦች በእጅ ያለ ሥራ ከድኽነት ዋስትና ነው የሚሉት ተረት ለብዙዎች ተረት መሆኑ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው። «የትርፍ ጊዜ» ብለን የተማርነው ነገር፣ ጊዜውም ኑሮውም ሲገለባበጥ፣ ዋና ጊዜያችንን የሚያሳድር ሊሆን ይችላል። ያን ዕለት የሚጠብቀን አክብሮት ትናንት ለባለ እጁ የሰጠነው ነው።

ካርቱም ራሷ ለዚህ ነገር ጥንታዊ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አርኬል የተባለው አጥኚ በከተማዋ ሆስፒታል አጠገብ ቆፍሮ፣ ብዙ ሺህ ዓመታት ያስቆጠሩ የሸክላ ስባሪዎች አግኝቷል። በላያቸው እንደ ውኃ ማዕበል የተጠማዘዙ መስመሮች ተጭረዋል፤ አርኬል በዓሣ አጥንት የተሠሩ ናቸው ብሎ ነበር። ድስት ምግብ ለማብሰል መስመር አያስፈልገውም። ያ የጥንት ሰው ለቤተ ሰቡ መብያ የሚሆነውን ሲሠራ ደስታውንም አብሮ ሠርቶበታል። የሚያበላው እጅና የሚደሰተው እጅ በዚያን ዘመን አንድ ነበሩ። የለያየናቸው እኛ ነን፤ አንዱን በክብር፣ ሌላውን በስድብ። አዲስ የእጅ ሥራ ለመማር የሚነሣ ሰው ሁሉ ሣሩንና ጭቃውን ሲያነሣ ይህን መለያየት በራሱ እጅ መጠገን ሊጀምር ይችላል፤ በመጀመሪያም የሚያስተምረውን ባለ እጅ ሊያከብር፣ ዋጋውን ሊከፍል፣ ስሙን ሊጠራ ይገባዋል።