ስለ አሮጌ ገበቴ መታደስ

ከእናት የተወረሰ፣ ዱቄት ሲለወስበት የኖረ የእንጨት ገበቴ ጠቁሮና ተሰንጥቆ ቢገኝ፣ ፍቆ እንደ አዲስ ማድረግ ይገባልን? ወይስ የእናትን እጅ መፋቅ ይሆናል? ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ለሙታንም ለሕያዋንም የሚገባውን በአንድነት የሚጠይቅ ስለ ሆነ እንደ ቀላል ልናልፈው አይገባም።

አስቀድመን ቃሉን እንመርምር። «ማደስ» ሐደሰ ከሚለው ግእዝ የወጣ ነው፤ ሐዲስ ማድረግ ማለት ነው። «መለወጥ» ግን አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መቀበል ነው። የታደሰ ነገር ያው ራሱ ሆኖ ይኖራል፤ የተለወጠ ግን ስፍራውን ለሌላ ለቅቋል። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ሲናገር፣ የአቴና ሰዎች የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ እየተኩ እንዳቆዩት፣ ፈላስፎችም መርከቡ ያው ነው፣ አይደለም እያሉ እንደ ተከራከሩበት ጽፏል። የገበቴው ነገር ከዚህ ይከብዳል፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ስለ ሆነ የሚተካ ሳንቃ የለውም፤ የተፋቀለትም ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ የሚወገደውን ከሚቀረው መለየት ያስፈልጋል። የሻገተ ቅባትና በስንጥቁ ውስጥ የደረቀ ሊጥ እድፍ ነው፤ ማንም ሊያዝንለት አይገባም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 15፣ ፈሳሽ ያለበት ሰው የነካው የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የእንጨቱ ዕቃ ግን በውኃ እንዲታጠብ ታዝዟል። እንጨት ታጥቦ ወደ ሥራው የሚመለስበት መንገድ ተሰጠው። ነገር ግን በአንድ ወገን የሳሳው ከንፈር፣ እጅ ሲመላለስበት የለሰለሰው ጎን፣ የጠራቢው መሮ የተወው መሥመር እድፍ አይደለም።

ስለ ጠራቢው ደግሞ ማን ያስባል? በአገራችን የእጅ ሠራተኛ በሠራው ዕቃ እየተበላበት እርሱ ሲናቅና ሲሰደብ ኖሯል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ፈጥኖ አልጠፋም። የጠራቢውን ስም የጻፈለት የለም፤ እንግዲህ የመሮው ምልክት የቀረለት ፊርማው ነው። ይህን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ ማጥፋት ከእናት ይልቅ እርሱን መበደል ይመስለኛል።

ስለ አሠራሩም ጥቂት ልበል። ዋንዛም ቢሆን ሌላ እንጨት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ይኸውም ከቁመቱ ይልቅ በወርዱ ስለሚበረታ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ገበቴውን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ ኋላም ፀሐይ ላይ ማስጣት ማጥፋት ነው። በለብታ ውኃ ፈጥኖ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ይበቃል። ከዚያ ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ቅቤ ግን አይጠጥርም፣ ይበላሻል እንጂ። የተልባ ዘይት ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ይጠጥራል፤ በስሱ ተቀብቶ ቀናት ይቆይና ይደገማል። የተቀባበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት ሊነድ ስለሚችል በሜዳ ይዘርጋ። ቫርኒሽ ለወንበር ይሁን፤ በየቀኑ በሚታጠብና በሚፋቅ ዕቃ ላይ ተልጦ ከሊጡ ጋር ይቀላቀላል።

አንዳንዱ፣ አሳድሶ ካበቃ በኋላ በግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል፤ ለእናቱ ክብር ነው ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። እናቱ ገበቴውን የወደደችው ቤተ ሰቧን ስለመገበችበት ነው፤ ልጅዋ ሊጥ ብታቦካበትና አንድ ተጨማሪ ጭረት ብትጨምርበት ምን ይጐዳታል?

ለገበያ የሚያድስ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ስንጥቁን በእንጨት ዱቄትና በሙጫ ደፍኖ፣ በቀለም አመሳስሎ፣ ደኅና ነው ብሎ የሚሸጥ አለ። መድፈኑ ኃጢአት አይደለም፤ ገዢው ግን ሙጫው በውኃ ሲላቀቅ ሊጧ የሚፈስባት ሴት ናት። ሻጩ ሳይነግራት ከሸጠላት፣ በደኅናውና በተደፈነው ገበቴ ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት ሊመልስላት ይገባል።