ከፊርማው በፊት

መስቀል አደባባይ ዳር በድልድይ ላይ የሚያልፈውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሐዲድ ልብ ብላችሁ እዩት። ከአያት የሚመጣውና ከቃሊቲ የሚመጣው መስመር እዚህ ተገናኝተው እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተማው ተደስቶ ነበር፤ ደስታውም የሚገባ ነበር። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው የቻይና ብድር ነው። ባቡሮቹ 41 ነበሩ። ዐሥር ዓመት ሳይሞላ ግን አብዛኞቹ መለዋወጫ አጥተው ቆሙ። መለዋወጫው የሚገዛው በዶላር ነው፤ ቲኬቱ ደግሞ ሲጀመር በ2፣ በ4 እና በ6 ብር ይሸጥ ነበር። ይህን ለማስላት ባቡሩ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም ነበር።

በየመሥሪያ ቤታችንም በአነስተኛ ደረጃ የምንሠራው ይህንኑ ነው። የንብረት ማስተዳደሪያ ሲስተም ይገዛል፤ ምረቃ ይደረጋል። ግምጃ ቤት ብትገቡ ግን ሠራተኛዋ ወጪውን ኮምፒውተር ላይ ካስገባች በኋላ የዕቃ ወጪ ቅጹን ሞዴል 22ንም በእጇ ትሞላለች፤ የክምችት መመዝገቢያውን ቢን ካርድም ትጽፋለች። ኦዲተሩ የሚጠይቃት ወረቀቱን ነዋ! ሥራዋን ያቀልላታል የተባለው ዕቃ ሥራዋን እጥፍ አደረገባት። መብራት የሄደ ዕለት ደግሞ ባለጉዳዩ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ሲስተሙ ሲገዛ ሠራተኛዋን ያማከራት ሰው አልነበረም።

የግዥ ሰነድ የምታዘጋጁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እባካችሁ ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ዕቃውን በየቀኑ የሚነካውን ሰው ጠርታችሁ አነጋግሩ። ነገ የትኛው ወረቀት እንደሚቀርለት፣ የትኛው እንደሚጨመርበት ከራሱ አፍ ስሙ። የሚቀርለት ነገር ከሌለ ግዥው ገና አልበሰለም። ሻጩንም የዋስትናው ጊዜ ሲያልቅ ማን እንደሚጠግን ጠይቁት። መለዋወጫው አገር ውስጥ ይገኛል? የውጭ ምንዛሬው ከየት ይመጣል? የሠለጠነው ባለሙያ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ቢለቅ ማን ይተካዋል? መልሱ በቃል ብቻ ከሆነ አትቀበሉ፤ ውሉ ውስጥ ይግባ። ሥልጠናው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ ከሆነ እኔ ብሆን አልፈርምም።

አለቆችም ሰኔን ተጠንቀቁ። በጀቱ ተመላሽ እንዳይሆን ተብሎ ሰኔ 30 ሳይደርስ በጥድፊያ የሚገዛ ዕቃ ይህን ሁሉ ለመጠየቅ ጊዜ አይሰጥም። በጀቱ ሐምሌ ላይ እንደተለቀቀ የግምጃ ቤት ሠራተኛዋን፣ ኦዲተሩንና የጥገና ክፍሉን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጧቸው፤ ጨረታው ከዚያ በኋላ ይውጣ።